በቀስታ መንዳት፦ ከጣና ዳር እስከ መሸንቲ

የባሕር በር በሌላት ሀገር «ባሕር ዳር» የሚባል ከተማ መኖሩ የውጭ እንግዶችን ፈገግ ሲያሰኝ ብዙ ጊዜ ታዝበናል። እኛን ግን አያስገርመንም። የጣና ዳር ልጅ ውኃውን «ሐይቅ» ብሎ የሚጠራው ለጂኦግራፊ ፈተና ሲቀመጥ ነው፤ በተቀረው ጊዜ ጣና ባሕር ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተንጣሎ ይገኛል፤ ማዶውም በዓይን አይደረስበትም። በዓለም ላይ ስለ ባሕር ዳርቻ የብስክሌት ጉዞ በሚወራበት ጊዜ እንግዲህ እኛም የምንለው አለን።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንድ አንባቢ ለሳይንስ መጽሔት የማይመጥን ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌት ይዞ መውጣትና ከሰዓት በኋላ መመለስ ነው። ውድድር አይደለም፤ ሥራ ቦታ ለመድረስም አይደለም። ውኃውን፣ ማሳውንና መንደሩን እያዩ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት፣ ሲደክም ማረፍ፣ ሻይ መጠጣት፣ ከዚያም በመጡበት መመለስ ነው። ይህ ነገር በከተማችን ከሚገባው በታች ተከብሯል፤ ልናጣውም ተቃርበናል ብለን እናምናለን።

ከሀገራችን ከተሞች መካከል ብስክሌት ሲነሣ ባሕር ዳር ሳትጠራ አትቀርም። ሜዳማ ናት፤ ጎዳናዎቿ ሰፋፊና ዘንባባ የተተከለባቸው ናቸው። ተማሪውም መምህሩም ነርሷም የፋብሪካ ሠራተኛውም በብስክሌት ሲመላለሱባት ኖረዋል። በአንዳንድ ከተማ ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ስትታይ መንገደኛ ቆሞ ያይ በነበረበት ዘመን በባሕር ዳር ጉዳዩ ወሬ አልነበረም። በኋላ ባጃጅ መጣች፤ ብዙ ሰው ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ተወው። ባጃጅን ለመውቀስ አይደለም፤ ሕመምተኛ በብስክሌት ሐኪም ቤት አይደርስም። የሚያሳስበን ሌላ ነው። ብስክሌት በእኛ ዘንድ የችግር ጊዜ ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ተማሪ ሲኮን ይነዳል፤ ደመወዝ ሲጀመር ይሸጣል። ለመድረስ ስንነዳ ኖርን እንጂ ለማየት ብለን የነዳን ጥቂቶች ነን።

ይህን የተረዳነው የዶክትሬት ትምህርታችንን ኔዘርላንድስ ውስጥ ስንከታተል ነበር። በሰሜን ባሕር ዳርቻ በአሸዋ ጉብታዎች መካከል የሚያልፍ የብስክሌት መንገድ አለ። እሑድ እሑድ ሽማግሌና አሮጊት ባልና ሚስት ቡናቸውን በፔርሙስ፣ ዳቧቸውን በወረቀት ጠቅልለው በዝግታ ሲነዱ፣ አግዳሚ ወንበር ሲያገኙ አረፍ ብለው ባሕሩን ሲያዩ እንመለከት ነበር። መጀመሪያ ላይ መኪና መግዛት ያልቻሉ ጡረተኞች መስለውን አዝነንላቸው ነበር። አማካሪያችን የነበሩት ፕሮፌሰርም በብስክሌት ሲመጡ ባየን ጊዜ ሐዘናችን ወደ ግራ መጋባት ተለወጠ። ወደ ሀገር ተመልሰን ብስክሌት ስንገዛ ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ። በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃው በመኪና ለገባው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ እኛን አስቆመና «ዕቃ ልታደርስ ነው?» አለን። ልጁ አልተሳሳተም፤ ያየውን ነው የጠየቀው። «ዶክተር፣ መኪናው ምን ሆነ?» የሚለው የባልደረቦቻችን ቀልድ ግን ዓመታት ቆይቷል።

ቀልዱ ይቆየንና ወደ ሙያችን እንግባ። ቀስ ብሎ መንዳት ስንፍና ሳይሆን ከፊዚክስ ጋር መስማማት መሆኑን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ሜዳ ላይ የሚነዳን ሰው የሚቃወሙት ሁለት ዋና ኃይሎች ናቸው። አንደኛው ጎማው ሲንከባለል እየተጨፈለቀ ሲመለስ የሚፈጠረው ተቃውሞ ነው፤ ይህ በፍጥነት እምብዛም አይለወጥም። ሁለተኛው የአየር ተቃውሞ ሲሆን ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል። ስለዚህ አየሩን ለመግፋት በየሰከንዱ የሚወጣው ጉልበት ከፍጥነት ኩብ ጋር ይሄዳል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ሰውየውና ብስክሌቱ በድምሩ 85 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ ቀጥ ብሎ ቢቀመጥና ጎማው ተራ ጎማ ቢሆን፣ በግርድፍ ስሌታችን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመንዳት የሚያስፈልገው 50 ዋት ያህል ነው። ይህም ከባለ 60 ሻማ አምፖል ያንሳል። ፍጥነቱን ወደ 30 ቢያሳድገው ግን 220 ዋት ገደማ ይጠየቃል። የለመደ የጉልበት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ሊያወጣ የሚችለው 75 ዋት አካባቢ መሆኑን ስናስብ፣ የመጀመሪያው ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ፣ ሁለተኛው ብዙዎቻችንን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መንገድ ዳር የሚያስቀምጥ መሆኑ ግልጽ ነው።

በዚህ ላይ የከፍታችን ስጦታ አለ። በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የአየር ተቃውሞውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ቤልጅየማዊው ኤዲ ሜርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 የአንድ ሰዓት የብስክሌት ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ለዚህ ነበር። ከፍታዋ 2,240 ሜትር ገደማ በሆነችው በዚያች ከተማ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቷል። እርግጥ ነው፣ አየር ሲሳሳ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል፤ በአንድ እጅ የሰጠንን በሌላው ይወስዳል። ይሁን እንጂ ከፍታውን የሚከፍለው የሚሽቀዳደመው ነው። በቀስታ የሚነዳው ሰው ትንፋሹ ስለሚተርፈው ቅናሹን በነፃ ያገኛል።

የኦክስፎርዱ መምህር ኤስ. ኤስ. ዊልሰን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1973 በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ላይ እንስሳትንና ማሽኖችን እንደ ክብደታቸው አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ በሚያወጡት ጉልበት አነጻጽሮ ነበር። በእግሩ የሚሄድ ሰው በሠንጠረዡ ውስጥ ደህና ቦታ አለው፤ ነገር ግን አንደኛ አይደለም። ያው ሰው ብስክሌት ላይ ሲወጣ ወጪው ወደ አንድ አምስተኛ ወርዶ ፈረሱንም፣ ሳልሞን የተባለውን ዓሣም፣ አውሮፕላኑንም ይበልጣል። ግቢያችን ውስጥ በብስክሌት የሚያልፍ ተማሪ ከአጠገቡ ከቆመችው መኪና ይልቅ የረቀቀ ማሽን ላይ እንደተቀመጠ ቢነግሩት ላያምን ይችላል።

አሁን ወደ መሸንቲ እንሂድ። መሸንቲ ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ ወደ ዳንግላና እንጅባራ በሚያወጣው አውራ ጎዳና ላይ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ለቅዳሜ ጉዞ እንደ እርሷ የተመቸች ቦታ አላየንም፤ ለመድረስ ቅርብ ናት፤ ደርሶ «መጣሁ» ለማለትም ሩቅ ናት። በዚህ መንገድ ላይ ተማሪዎቻችንን ይዘን ለዓመታት ስንመላለስ የክፍሉን ትምህርት ያህል ፊዚክስ አግኝተንበታል።

የመጀመሪያው ዳገቱ ነው። ከጣና ሜዳ ወደ ደቡብ ሲኬድ መንገዱ ሳይታወቅ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ዓይን ሜዳ ነው ይላል፤ ጉልበት ግን አይታለልም። 85 ኪሎ ግራም ክብደትን 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚወጣው ጉልበት 83 ሺህ ጁል ያህል ነው፤ ይህም ሜዳ ላይ በዝግታ ሰባት ኪሎ ሜትር ለመንዳት ይበቃል። አንድ ተማሪያችን መንገዱን ሲወጣ ፍሬኑ የያዘበት መስሎት ሁለት ጊዜ ወርዶ ጎማውን አሽከረከረ። ጎማው ደህና ነበር። የያዘው የመሬት ስበት ነው።

ሁለተኛው ንፋሱ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4,200 ጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ለደረቅ አፈር ከዚህ አምስተኛው ያህል ይበቃል። በተጨማሪም የፀሐይ ብርሃን ውኃ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባና ውኃው ስለሚናወጥ ሙቀቱ በብዙ ሜትር ውፍረት ይከፋፈላል፤ አፈር ግን ከላይ ከላዩ ብቻ ይግላል። ስለዚህ ረፋድ ላይ የብሱ ከጣና ቀድሞ ይሞቃል፤ በላዩ ያለው አየር ይነሣል፤ ከውኃው ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ወደ የብሱ ይነፍሳል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። ወቅቱና የደመናው ሁኔታ ይህን ሊያዛባው ቢችልም፣ በበጋ ጠራራ ቀን ረፋዱን ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው ንፋሱ ከጀርባው ያግዘዋል። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ፊት ለፊት ይቀበለዋል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነፍስ የፊት ንፋስ የአየሩን ተቃውሞ ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። የመሸንቲ መንገድ ደግነት ግን እዚህ ላይ ነው፤ ዳገቱን ስንወጣ ንፋሱ ያግዘናል፤ ንፋሱ ሲቃወመን ቁልቁለቱ ያግዘናል። መንገዱን የቀየሱት መሐንዲሶች ስለ ብስክሌት ያስቡ ነበር ብለን አንጠረጥርም፤ ቢሆንም እናመሰግናቸዋለን።

ሦስተኛው፣ በስሌት የማይገባው፣ መንገድ ላይ የሚገኘው ነገር ነው። በመኪና ያለፈ ሰው ከባሕር ዳር እስከ መሸንቲ ምን አለ ቢባል «ምንም» ይላል። በብስክሌት ያለፈ ግን ጤፉ የት ላይ ቀድሞ እንደሚታጨድ፣ የትኛው ዋርካ ሥር ገበያተኛ እንደሚያርፍ፣ የትኛው ጎሚስታ ከመነዳሪ በደንብ እንደሚለጥፍ ያውቃል። እረኞቹ ስማችንን ባያውቁም ጎማችንን ያውቁት ነበር፤ «ዛሬስ አልተነፈሰችም?» እያሉ ይጠይቁን ነበር።

ይህን ሁሉ በኃላፊ ጊዜ መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተከሠተው ግጭት ምክንያት ከከተማ የሚያወጡ መንገዶች የቅዳሜ ሽርሽር የሚደረግባቸው አልሆኑም። የሰው ሕይወት በሚጠፋበት ጊዜ ስለ ብስክሌት ጉዞ ማዘን ቅንጦት ሊባል ይችላል፤ እኛም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስናመነታ ቆይተናል። የወሰንነው አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መሸንቲን አይታት እንደማታውቅ፣ ባሕር ዳር ከመጣች ጀምሮ ከከተማው ወጥታ እንደማታውቅ በነገረችን ጊዜ ነው። ሃያ ኪሎ ሜትር! በዝግታ ብስክሌት አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። አንድ ትውልድ የሚማርበትን ከተማ ዙሪያ ሳያይ ከተመረቀ ያጣው ነገር ሽርሽር ብቻ አይደለም። መንገዱ ሲከፈት የሚነዳበት ሰው እንዲኖር ከተፈለገ ልማዱ እስከዚያው መትረፍ አለበት።

እስከዚያው ደግሞ የጣና ዳርቻ አለ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ሲኖረው ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ መስመር ተሠርቶለታል። ይህን ስናይ ደስታችንን አልሸሸግንም። በሀገር አቀፍ ደረጃም ትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ሐሳቡ አለ፤ አስፋልቱም በከፊል አለ። ሆኖም ግን እንዲህ ዓይነት ሥራ ብስክሌትን ከቤት እስከ ሥራ የሚያደርስ ነገር አድርጎ ብቻ ማየቱ አይቀርም፤ መስመሩም ከተማው ባለቀበት ያልቃል። ባሕሩ ዳርም ቢሆን ብዙው ቦታ በግንብና በአጥር የተከለለ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የተመዘገበውን ውኃ ለማየት ግን ብዙ ጊዜ ሻይ ማዘዝ ግድ ነው። የሐይቁን ዳር በየሳምንቱ በዝግታ የሚያልፍበት ሰው ደንገሉ ሲመነጠር፣ ቱቦ ወደ ውኃው ሲለቀቅ ቀድሞ ያያል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚያልፈው አያይም፤ ከአጥሩ ውጭ ያለውም አያይም።

«ፈረንጆቹ ሀብታም ስለሆኑ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ኔዘርላንድስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሀብታም እየሆነች በሄደች መጠን ብስክሌትን እየተወች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በመንገዶቿ ላይ ከ3,000 በላይ ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «ሕፃናትን መግደል ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ እጥረት ሲመጣ መኪና የማይነዳባቸው እሑዶች ታወጁ፤ ሰዎችም ባዶ አውራ ጎዳና ላይ በብስክሌት ሲነዱ ከተማቸውን እንደ አዲስ አዩት። ያ እኛ የነዳንበት የአሸዋ ጉብታ መንገድ የዚህ ሁሉ ልጅ ነው እንጂ ከሰማይ የወረደ አልነበረም።

ደግሞም ሁሉም ነገር ገንዘብ አይፈልግም። ሁጎ ቦለን የተባለ ቤልጅየማዊ የማዕድን መሐንዲስ በከሰል ማዕድን ዋሻ ውስጥ መገናኛዎች በቁጥር እንደሚለዩ ተመልክቶ ሐሳቡን ወደ ብስክሌት መንገድ አመጣው። በየመንታ መንገዱ አንድ ቁጥር፣ ወደሚቀጥሉት ቁጥሮች የሚያመለክቱ ቀስቶች፤ አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1995 በቤልጅየሟ ሊምበርግ ተጀምሮ ወደ ጎረቤት ሀገሮች ተዛምቷል። ጋላቢው ካርታ አይዘረጋም፤ የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ይነዳል። ለባሕር ዳር ስናስበው ቁጥር አንድ ጊዮርጊስ አጠገብ ባሕሩ ዳር፣ ሁለት ድልድዩ፣ ሦስት የቤዛዊት ኮረብታ ሥር እያለ ቢሄድ፣ የመጨረሻው ቁጥር መሸንቲ መግቢያ ላይ ቢተከል፣ ወጪው ቆርቆሮና ቀለም ነው። ለአውራ ጎዳናው ግን ቀለም አይበቃም። በፍጥነት የሚያልፍ የጭነት መኪና አየሩን ገፍቶ ሲያልፍ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ራሱ ይስባል። መሪው በእጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ ያልተሰማው ብስክሌተኛ የለም። እዚያ የሚያስፈልገው ከአስፋልቱ በአፈር ወይም በሣር የተለየ ጠባብ መንገድ ነው። እግረኛውም፣ አህያ የሚነዳው ገበሬም፣ ተማሪውም ያንኑ ይጠቀሙበታል፤ ብስክሌተኛው ከእነርሱ ጋር በትዕግሥት ይሂድ። የባሕሩ ዳርም ቢያንስ ለአንድ ብስክሌትና ለአንድ እግረኛ ጎን ለጎን የሚበቃ ስፋት ያህል ሳይቋረጥ ለሕዝብ ይተው። ከዚህ በላይ አልጠየቅንም።

በአሁኑ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንነዳው ከባሕሩ ዳር እስከ ድልድዩ ነው። ገና ሰው ሳይበዛ እንደርሳለን፤ ጉማሬ ከታየ እንቆማለን። ከዚያ በብስክሌት መስመሩ ላይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እንነዳና ፔዳል መምታት አቁመን ብስክሌቱ በራሱ እስኪቆም ሰዓት እንይዛለን። ተዳፋትና ንፋስ እንዳያሳስተን በሁለቱም አቅጣጫ እንሞክርና አማካዩን እንወስዳለን። በስሌቱ መሠረት ጎማው በደንብ የተነፋ ብስክሌት 50 ሰከንድ ያህል ተንከባልሎ ከ100 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የጎማው ተቃውሞ እጥፍ የሆነበት ደግሞ በ28 ሰከንድ ገደማ ከ65 ሜትር እምብዛም ሳያልፍ ይቆማል። አንባቢ ሰዓትና ፓምፕ ይዞ ቢመጣ በደስታ እንቀበለዋለን። ያቺ የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ብስክሌት ተውሳ መምጣት ጀምራለች፤ የልኬት ደብተሩን የያዘችው እርሷ ናት። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ «መሸንቲ» ብላ ርዕስ ጽፋ፣ ሠንጠረዡን አሥምራ፣ የቀኑን ቦታ ባዶ ትታዋለች።